ሐረና ጫካ ውስጥ ደረቅ አልጋ ለማግኘት፦ የደመና ደን ሎጅ አመራረጥ

ክረምቱ ወጥቶ ሰው ስለ ጉዞ ማሰብ ሲጀምር ስልኬ የሚጠራው ለአንድ ጥያቄ ነው፦ «ባሌ ልንሄድ ነው፤ ሐረና ጫካ ውስጥ ማደር እንፈልጋለን፤ የትኛው ሎጅ ይሻላል?» የአንዱን ስም ጠርቼ ብገላገል ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ሎጅ ባለቤት ይቀይራል፣ ይዘጋል፣ ይታደሳል። አምና ደህና የነበረ ክፍል ዘንድሮ ጣራው ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ ስም ከምሰጣችሁ አመራረጡን ልጻፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ደመና ደን ውስጥ ምቾት ማለት ደረቅነት ነው። ሰፊው አልጋ፣ የሚያምረው በረንዳ፣ ሌላ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ከቆላው የሚነሳው እርጥብ አየር የባሌን ደቡባዊ ተዳፋት ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ጉሙ ዛፉ ላይ፣ ቅጠሉ ላይ፣ ከቅርንጫፉ በተንዠረገገው የዛፍ ሽበት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ዝናብ ባይዘንብም ጫካው ሲያንጠባጥብ ይውላል። ያው እርጥበት ፍራሹም፣ አንሶላውም፣ ካልሲያችሁም ውስጥ ይገባል።

አንድ ጊዜ እናቴን ይዤ ከሄድኩበት ማረፊያ የማልረሳው ነገር አለ። ክፍሉ ሲታይ ያምራል፤ አልጋው በነጭ አንሶላ ተነጥፏል፣ ትራሱ ላይ አበባ ተቀምጧል። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጇን ከአንሶላው ሥር አስገብታ «ልጄ፣ ይሄ ታጥቦ ሳይደርቅ ነው እንዴ የተነጠፈው?» አለችኝ። ታጥቦ ደርቆ ነበር። ግን የተነጠፈው ከአራት ቀን በፊት ነው፤ ክፍሉ እስክንመጣ ድረስ ተዘግቶ፣ እሳት ሳይነድበት ከርሟል። ሻማ ለማብራት ክብሪት ስጭር ራሱ እየተላጠ ወደቀ፤ ከስድስቱ እንጨት አንዱ እንኳን አልበራም። እናቴ ካፖርቷን እንደለበሰች አደረች። ከዚያ ወዲህ ሎጅ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ እርጥበት ነው።

ለምርጫው የሚያስፈልጋችሁ

- ስልክና ማስታወሻ ደብተር። መልሱን የሰጣችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ።
- ከፍታ የሚያሳይ ካርታ። ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አስቀድማችሁ አውርዱት፤ ጫካው ውስጥ ኔትወርክ አስተማማኝ አይደለም።
- አብረዋችሁ የሚሄዱት ሰዎች ዝርዝር፦ ዕድሜ፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ የሚጾም፣ ደረጃ መውጣት የሚከብደው። ሾፌሩንም ቁጠሩ።

ለመኝታው ይዛችሁ የምትሄዱት

- የሱፍ ወይም የፖላር ሹራብና ቢያንስ ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ።
- ጋቢ፣ በወፍራም ፌስታል ተቋጥሮ። ጋቢ ጥጥ ነው፤ እርጥበት ይጠጣል፣ ከጠጣም ቶሎ አይደርቅም። ለማታ ብቻ አውጡት።
- ስሊፒንግ ባግ፣ ካላችሁ። ሎጅ ውስጥም ቢሆን መጠባበቂያ ይሆናችኋል።
- የዝናብ ልብስና ቦት ጫማ።
- ስድስት ሜትር ያህል ገመድ፣ ክፍል ውስጥ ልብስ ለማስጣት።
- ላይተር፣ በራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ።
- ክዳኑ የሚጠብቅ፣ ሙቅ ውሃ የሚችል ኮዳ። ማታ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት።

ደረጃ 1፦ ሎጁ በየትኛው የተራራው ወገን እንደሆነ አረጋግጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ባሌ ተራሮች» የሚል ማስታወቂያ ያያል፣ ይከፍላል፣ ሲደርስ ዲንሾ ነው። ዲንሾ ግሩም ቦታ ነው። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው፤ ጥዱና ኮሶው ሥር የደጋ አጋዘን በቅርብ ታያላችሁ። ግን የሚገኘው በሰሜን በኩል ነው፤ ደመና ደን አይደለም። ሐረና በደቡብ ነው። በመካከላቸው 4,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ያለው የሳነቴ አምባ ተዘርግቷል። ዲንሾ አድራችሁ ሐረናን ጎብኝታችሁ እንመለሳለን ካላችሁ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል።

ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ከጎባ ስንመጣ ሳነቴን እንሻገራለን ወይስ አንሻገርም?» መልሱ «አትሻገሩም» ከሆነ ሎጁ ሐረና ውስጥ አይደለም። «ትሻገራላችሁ» ከተባላችሁ ደግሞ ጫካው ውስጥ ካለችው ከሪራ መንደር በላይ ነው ወይስ በታች፣ ወይስ ከጫካው በታች እስካለችው እስከ ደሎ መና ከተማ ድረስ የሚወርድ ነው ብላችሁ ቀጥሉ።

ደረጃ 2፦ ከፍታውን በቁጥር ጠይቁ

«ብርድ አለው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ያን ያህል አይደለም» ትባላላችሁ። ቁጥር ግን አያታልልም። በየ100 ሜትሩ ሽቅብ ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ካቻ የሚባለው የሐረና ገላጣ ሜዳ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም። ዲንሾ ወደ 3,100 ሜትር ይጠጋል፤ የ700 ሜትር ልዩነት በአራት ዲግሪ ያህል ይበርዳል ማለት ነው። ሳነቴ ላይ በበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ለመኝታ ከ2,000 እስከ 2,600 ሜትር ያለውን እመርጣለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ክፍሉ ውስጥ ማሞቂያ ከሌለ አትያዙ። ከ2,000 ሜትር በታች ወደ ደሎ መና ስትወርዱ ብርዱ ይተዋችኋል፤ በምትኩ የወባ ነገር ይመጣልና አጎበር መኖሩን ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጡ ዘመዶች ካሏችሁ ከኤርፖርት በቀጥታ ወደ ባሌ አትውሰዷቸው። የሚኖሩት ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቅ ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ሌሊት ይደሩ። ሳነቴን በመኪና አቋርጦ ወደ ታች መውረድ ብዙውን ሰው አይጎዳም፤ እዚያ ላይ ማደር ግን ሌላ ነገር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታችሁ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል። መንገድ ላይ የራስ ምታቱ እየባሰበት፣ እያስመለሰው፣ እየተደናገረ የሚሄድ ሰው ካለ መድኃኒቱ ሳይዘገዩ ወደ ታች መውረድ ነው።

ደረጃ 3፦ ወቅቱን ከክፍሉ ጋር አገናዝቡ

ባሌ ዝናቡ ረጅም ነው፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ይደርቃል፤ ሰማዩ ሲጠራ ግን ሌሊቱ ይበልጥ ይበርዳል። በበጋ የምትሄዱ ከሆነ ጥያቄያችሁ ብርድ ልብስና እሳት ይሁን። በዝናቡ ወራት ከሆነ ጣራ፣ የልብስ ማድረቂያና መንገድ ይሁን። ያው ሎጅ በጥር የሚመሰገን፣ በነሐሴ የሚያስለቅስ ሊሆን ይችላል፤ የሰው አስተያየት ስታነቡ የሄደበትን ወር እዩ።

ደረጃ 4፦ የቤቱን አሠራር መርምሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የምትመርጡት ቤቱን እንጂ ፎቶውን አይደለም።

ጣራ። ቆርቆሮ ከሆነ ኮርኒስ አለው? የምትተነፍሱት ሞቃት አየር ማታ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጥና ይንጠባጠባል። ሰው «ጣራው አፈሰሰ» ብሎ ይማረራል፤ ያፈሰሰው የገዛ ትንፋሹ ነው። ኮርኒስ ካለ ይህ ይቀንሳል፤ የዝናቡ ጩኸትም ይበርዳል። ሣር ክዳን ከሆነ ሙቀት ይይዛል፣ ዝም ያለም ነው። ግን መቼ እንደተከደነ ጠይቁ፤ ያረጀ ሣር እርጥበት ያቁራል፣ ይሻግታል።

ወለል። ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ የተሠራ ወይም በደንብ የተሞላ ሲሚንቶ ይሁን። መሬት ላይ በቀጥታ ያረፈ ወለል ከታች እርጥበት ይስባል።

የጣራው ክንፍ። ግድግዳውን አልፎ በደንብ የወጣ መሆን አለበት። አጭር ከሆነ ነፋስ ያመጣው ዝናብ ግድግዳውን ያርሳል፤ የራሰ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ እዚያ ጫካ ውስጥ ለመድረቅ ብዙ ቀን ይፈጅበታል።

አቀማመጥ። ዛፍ ሥር የተሸጎጠ ክፍል በፎቶ ያማልላል። እኔ ግን ገላጣ ላይ ሆኖ በሩ ወይም መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘውን ነው የምመርጠው። ብዙ ጊዜ ጉሙ የሚከብደው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ክፍሉንና ልብሳችሁን የምታደርቅላችሁ የጠዋቷ ፀሐይ ናት።

ፎቶ ስትጠይቁ «በዚህ ሳምንት የተነሳ የኮርኒሱንና የግድግዳውን ታች ጥግ ላኩልኝ» በሉ። ሻጋታ የሚጀምረው ከእነዚህ ሁለት ቦታዎች ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የተላጠ ቀለም ካያችሁ ሌላ ፈልጉ። አስም ያለበት ሰው ይዛችሁ ከሆነ በዚህ ነገር አትደራደሩ።

ደረጃ 5፦ እሳቱ የት እንደሚነድ ጠይቁ

«ማሞቂያ አለ» የሚለው መልስ አይበቃም። ብዙ ጊዜ እሳቱ ያለው ምግብ ቤቱ ውስጥ ነው፤ መኝታችሁ ስትገቡ የለም። ክፍሉ ውስጥ ጭስ ማውጫ ያለው የእንጨት ምድጃ ካለ የተሻለው እሱ ነው። ክፍሉን ከማሞቅ አልፎ አየሩን ያደርቃል፤ ካልሲያችሁንም እንዲሁ። ማን እንደሚያነደው፣ በስንት ሰዓት እንደሚያነደው፣ ማገዶው በሒሳቡ ውስጥ ተካቶ እንደሆነ ጠይቁ። ማገዶው የባሕር ዛፍ መሆኑንም አጣሩ፤ ለማየት የሄዳችሁትን ጫካ እያነደዳችሁ መሞቅ የለባችሁም።

ማስጠንቀቂያ፦ የከሰል ማንደጃ ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ በፍጹም አትተኙ። አስተናጋጁ በቅንነት «ብርድ ነው፣ ከሰል ላምጣላችሁ» ሊላችሁ ይችላል፤ አመስግናችሁ እንቢ በሉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሰሉ «ጭሱ ወጥቶለት» ቀይ ፍም ቢሆንም ጋዙ አይቆምም። በር ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ተራራ ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፦ የመመረዙ ምልክት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ስለሆነ ሰው «ከፍታው ነው» ብሎ ይተኛል። እሳት ባለበት ክፍል ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው አንድ ላይ ራሱን ካመመው ሳታቅማሙ ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ።

ደረጃ 6፦ ሙቅ ውሃና መብራት በጉም ቀን ምን እንደሚሆኑ ጠይቁ

«ሙቅ ውሃ አለ?» አትበሉ። «ፀሐይ ሳትወጣ በዋለችበት ቀን ሙቅ ውሃ አለ?» በሉ። በሶላር ብቻ የሚሞቅ ውሃ ሁለት ቀን ጉም ከዋለ ለብ ብሎ ይቀራል። በእንጨት የሚሠራ ቦይለር ወይም በባልዲ የሚመጣ የፈላ ውሃ ካለ እሱ ይበልጣል፤ ባልዲውን አትናቁት። መብራትም እንዲሁ ነው፦ ጀነሬተር ካለ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ስልክ የት እንደሚሞላ ጠይቁ።

መጸዳጃ ቤቱ ክፍሉ ውስጥ መሆኑንም አረጋግጡ። ሐረና አንበሳም ነብርም ጅብም ያለበት ጫካ ነው። ሽማግሌ ወይም ሕፃን ይዛችሁ ሌሊት በጭቃ ላይ ወደ ውጭ መውጣት አትፈልጉም። መጸዳጃው ውጭ ከሆነ የሚያጅባችሁ ጥበቃ ይኑር።

ደረጃ 7፦ ምግቡን አስቀድማችሁ እዘዙ

በአቅራቢያው ሱቅ የለም በሉና ተዘጋጁ። ረቡዕና ዓርብ ላይ ከሆነ ወይም ጾም ከገባ የጾም ምግብ እንደምትፈልጉ ከሁለት ቀን በፊት ንገሯቸው፤ ዕቃው ከጎባ ወይም ከሮቤ ነው የሚመጣው። በ2,400 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጥራጥሬ ለመብሰል ይቆያል። ደርሳችሁ ካዘዛችሁ እራት ይመሻል።

ደረጃ 8፦ መንገዱንና የመድረሻ ሰዓቱን አስሉ

ነዳጅ ጎባ ወይም ሮቤ ሙሉ። ከጎባ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ ሳነቴን በብርሃን ታቋርጣላችሁ፤ ዕድል ከቀናችሁ ቀይ ቀበሮም ታያላችሁ። ዋናው ምክንያት ግን ከአምባው ጫፍ ወደ ሐረና የሚወርደው መንገድ ነው። ጠመዝማዛና ቁልቁል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጉም ሲወርድበት የፊት መብራት ብዙም አይጠቅምም። ሎጁ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ለመድረስ አቅዱ። በዝናብ ወራት ባለ ፎር ዊል መኪና ያዙ። ሾፌሩ መንገዱን የሚያውቅ ይሁን፤ ትርፍ ጎማውን ራሳችሁ እዩት። የፓርኩን መግቢያ ከፍላችሁ ደረሰኙን በእጃችሁ ያዙ።

ደረጃ 9፦ ደውሉ፣ ከዚያ በጽሑፍ አስደግፉ

ስልክ ስትደውሉ እንግዳ ተቀባዩን አመስግናችሁ ክፍሎቹን የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ። እኔ እንዲህ ነው የምለው፦

«ጤና ይስጥልኝ፤ ክፍል ልይዝ ነበር፤ ትልልቅ ሰዎችም አሉን። እባክዎ ክፍሎቹን የሚያዘጋጀው ሰው ካለ ቢያገናኙኝ? … ጤና ይስጥልኝ፤ ቤቱ አሁን ሰው አለበት ወይስ ባዶ ነው? ከመምጣታችን አንድ ቀን በፊት እሳት ሊያነዱልንና ፍራሹን ፀሐይ ሊያስመቱልን ይችላሉ?»

ይህን ጥያቄ ሲሰሙ «እንዴታ! ሁሌም እናደርጋለን» የሚሉ አሉ፤ «ለምን?» የሚሉም አሉ። ሁለተኞቹ ጋ አትሂዱ።

ስለ ገንዘብ አራት ነገር አጣሩ፦ ዋጋው በሰው ነው ወይስ በክፍል? 15 በመቶው ቫት ተካቷል? ቁርስ አለበት? የሾፌር ማደሪያና ምግብስ? የመጨረሻው ሲረሳ ሾፌሩ መኪና ውስጥ ያድራል፤ በማግስቱ ያንን ቁልቁለት የሚያወርዳችሁ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይሆናል። ቀብዱን በቴሌብር ወይም በባንክ ስትልኩ ቀኑን፣ የክፍሉን ዓይነትና ቃል የተገባላችሁን ነገር በአጭር መልእክት ጽፋችሁ «አዎ» የሚል መልስ ተቀበሉ። መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ ወደ ሌላ ቀን ይዛወር እንደሆነም እዚያው ላይ ይጻፍ።

ደረጃ 10፦ ሻንጣ ሳይወርድ ክፍሉን ፈትሹ

ሻንጣ ከወረደ በኋላ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ «ይሁን» ብሎ ያድራል። ስለዚህ መጀመሪያ ብቻችሁን ግቡ።

1. በሩን ዝጉና አሽትቱ። የሻጋታ ሽታ ወዲያው ይታወቃል፤ ደቂቃ ከቆያችሁ አፍንጫ ይለምደዋል።
2. መዳፋችሁን በአንሶላውና በፍራሹ መካከል አስገብታችሁ እስከ ሠላሳ ቁጠሩ። ደረቅ አልጋ በመዳፋችሁ ሙቀት ይሞቃል። እርጥብ ከሆነ እንደቀዘቀዘ ይቀራል።
3. ፍራሹን አንስታችሁ ከሥሩ እዩ። ከእንጨቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ ከሆነ ክፍል ቀይሩ።
4. የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍታችሁ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ።
5. መስኮቱ ገጥሞ መዘጋቱን እዩ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አንድ ሌሊት ብቻ መያዝ። የመጀመሪያው ቀን በመንገድ ያልቃል፤ ጉም ከወረደ ጫካውን ሳታዩ ትመለሳላችሁ። ሁለት ሌሊት ይሁን።

የረጠበ ልብስ ሻንጣ ውስጥ መክተት። ደረቁንም ያረጥበዋል። እርጥቡን ለብቻው በፌስታል አድርጉ፣ ወይም ገመዱ ላይ ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ ስጡት።

ቀን መስኮት ከፍቶ መሄድ። «ይናፈስ» ብለን ቤታችን የለመድነው ነው። እዚያ ግን ፀሐይ ሳለች ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ከሰዓት በኋላ ከተከፈተ የሚገባው ጉም ነው። ከምሳ በፊት ዝጉት።

ለቦንጋም ይኸንኑ ዝርዝር እንዳለ መጠቀም። የካፋ ጫካም እርጥብ ነው፤ የአሠራሩና የሻጋታው ጥያቄ እዚያም ይሠራል። ቦንጋ ግን ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ ከብርድ ልብሱ ይልቅ አጎበሩን አስቀድሙ።

ክፍሉ እርጥብ ሆኖ ሲገኝ ዝም ማለት። ቅያሪ ከሌለ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ግን ካለ፣ በዚያው ሰዓት እንዲነድ አድርጉ። ፍራሹን ከአልጋው አንስታችሁ ግድግዳ ላይ አቁሙት፤ ከእሳቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራቅ። ብርድ ልብሱን ወንበር ላይ ዘርጉ፣ መስኮቱን ጣት በሚያስገባ ያህል ክፈቱ፤ እርጥቡ አየር በዚያ ይወጣል። የሚከታተል አንድ ሰው እዚያው አስቀምጡና ሌሎቻችሁ ቡና ጠጡ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ፍራሹን ገልብጡት። እናቴ በሁለተኛው ጉዟችን የተኛችው እንዲህ በደረቀ ፍራሽ ላይ ነው፤ ካፖርቷ ሌሊቱን በሩ ላይ ተሰቅሎ አደረ።